የጋሽ አጽብሐ ወይን

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ የእናቴን ውሽማ ከቤታችን አባረርኩ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ብዬ ነበር የማምነው።

ቤታችን ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ገባ ብሎ፣ አራት አባወራ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ነበር። አንድ ክፍልና በጣውላ የተከፈለች ጓዳ። ዛሬ ግቢው የለም። ባለፈው ዓመት በዚያ ሳልፍ በራችን የነበረበትን ቦታ ለመለየት ብሞክር አዲስ የተነጠፈ የእግረኛ መንገድ ላይ ተገትሬ ቀረሁ። አባቴ አጥናፉ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ስለነበር፣ ሁለት ሳምንት ጠፍቶ ሦስት ቀን አድሮ ይሄዳል። ስለዚህ ቤቱ የእኔና የእናቴ ነበር። እናቴም የእኔ ነበረች።

እናቴ አዳነች ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ጓዳ ክሬም ትመታ ነበር። አመሻሽ ላይ ስትገባ ሻሿ ሳይቀር ቫኒላ ቫኒላ ይላል። የተቆረሰ ኬክ በወረቀት ጠቅልላ ታመጣልኛለች፤ ግን ዝም ብሎ መጉረስ የለም።

«ዓይንሽን ጨፍኚ» ትለኛለች። «ምን ምን ይላል?»

«ሎሚ... ቅቤ... ያረረ ስኳር!»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለውም።»

«አለው። ቆይተሽ ዋጪው፤ ወደ ኋላ የሚመጣ ጣዕም አለ።»

እጠብቃለሁ። እውነትም ቆይቶ አንድ ነገር ይመጣል፤ የብርቱካን ልጣጭ፣ ወይ ቀረፋ። ስናገኘው ሁለታችንም እኩል እንጮሃለን። ይህ ጨዋታ የሁለታችን ብቻ ነበር። አባቴ እንኳ አይችልበትም፤ ምንም ብታቀምሰው «ይጣፍጣል» ነው መልሱ።

ጋሽ አጽብሐ ወደ ቤታችን መመላለስ የጀመሩት በዚያ ዓመት ከጥምቀት በኋላ ነው። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ባርኔጣቸውን ሲያወልቁ በሁለት እጃቸው የሚይዙ የትግራይ ሰው ነበሩ። በአንድ የወይን ጠጅ ፋብሪካ ውስጥ ቀማሽ ናቸው፤ የትኛው በርሜል እንደደረሰ፣ የትኛው ገና እንደሆነ፣ የትኛው እንደተበላሸ ቀምሰው የሚፈርዱት እሳቸው ነበሩ። አባቴ በፊት ለፋብሪካው ጠርሙስ ያመላልስ ስለነበር ወዳጅ ናቸው። በዓል ሲሆን ከአባቴ ጋር አይቻቸው አውቃለሁ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ግን አባቴ ድሬዳዋ አካባቢ መኪና ተበላሽቶበት ነበር፤ እሳቸው ደግሞ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጠርሙስ ይዘው ብቻቸውን መጡ።

እናቴ ፓስታ በስጎ ሠርታለች። የአዘቦት ቀን ሆኖ ሳለ የፋሲካውን የጠረጴዛ ልብስ አንጥፋለች። ይህን ሳይ ነው መጀመሪያ ነገሩን ማጤን የጀመርኩት። ለእኔ ለስላሳ ተከፈተልኝ፤ ለእነሱ ሁለት ብርጭቆ ቀረበ። ጋሽ አጽብሐ ቡሹን ሳብ አድርገው ነቀሉና ቀዩን ወይን ከብርጭቆዋ አንድ ሦስተኛ ያህል ቀዱላት። እናቴ ብርጭቆውን አነሳች፤ አሸተተች፤ ዓይኗን ጨፈነች።

«እህ፤» አሉ ጋሽ አጽብሐ ወደ እሷ ተጠግተው። «ምን ምን ይላል?»

ሹካዬ ላይ የጠቀለልኩት ፓስታ ተፈትቶ ወደቀ። ጨዋታችንን ነግራቸዋለች።

«ፕሪም» አለች እናቴ ዓይኗን እንደጨፈነች። «የበሰለ፣ ሊደርቅ ትንሽ የቀረው።»

«ሌላስ?»

«ቅርንፉድ። ደግሞ... ይቆዩኝ፤ ከኋላ የሚመጣ አለ። ቆዳ። የቆዳ ቦርሳ ሲከፈት የሚሸተው።»

ጋሽ አጽብሐ ከኮታቸው ኪስ ትንሽ ደብተር አውጥተው ጻፉ። የምትላትን እያንዳንዷን ቃል እንደ ጸሎት ይጽፏታል። ከዚያ ብርጭቆዋን እንዳለች ተቀብለው እሳቸውም ከዚያው ጠጡ፤ እሷንም አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር፣ ሓፍተይ» አሉ።

ሓፍተይ። ያን ጊዜ ትግርኛ አላውቅም። «ሀብቴ» ማለት መሰለኝ። በልጅ ጆሮዬ እንደዚያ ነው የሰማሁት፤ የሰውን እናት ሀብቴ ብሎ የሚጠራ ሰው። «እህቴ» ማለት መሆኑን ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ስገባ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ የመቀሌ ልጅ ሆና ነው። የዚያን ዕለት እንኳ ቃሉን ተማርኩ እንጂ ወደ ኋላ ተመልሼ ጋሽ አጽብሐን ከጥርጣሬዬ አልፈታኋቸውም። የጠላሁትን ሰው መፍታት አልወድም ነበር።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ሆነ። እናቴ ቅዳሜ ጠዋት አትሸትም፤ ማለት ቅባትም ሽቶም አትቀባም፣ ሽንኩርትም አስቀድማ በጠዋት ከትፋ ትጨርሳለች። እኔ ይህን ሁሉ ለእሳቸው የምታደርገው የፍቅር መሰናዶ አድርጌ ቆጠርኩት። አፍንጫዋን እየጠበቀች እንደነበር ማን ይነግረኛል? የኬኩ ጨዋታም ቀረ። ታመጣለች፤ ግን «ብዪ» ብላ ሰጥታኝ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነው። አንድ ቀን ራሴ ዓይኔን ጨፍኜ «ምን ምን ይላል በይኝ እንጂ» ብላት «ዛሬ ምላሴ ደክሟል፣ ጸሎትዬ» አለችኝ። ምላሷን ለማን እንዳደከመችው አውቄያለሁ።

በጣውላው ግድግዳ ሥር ተኝቼ የምሰማውም አላስተኛ አለኝ።

«ሰው ከሰማ እኔ አለቅኩ» ይላሉ ጋሽ አጽብሐ።

«ከእኔ ማንም አይሰማም።»

«አራት ዓመት ነው የቀረኝ። አራት ዓመት ብቻ ደብቂኝ።»

«እደብቅዎታለሁ አልኩ እኮ። እኔና እርስዎ፣ አጥናፉ ደግሞ ሦስተኛ።»

አባቴ ሦስተኛ! በገዛ ቤቱ!

አባቴ ሲመጣ ጠብቄ፣ እናቴ ሥራ ስትሄድ፣ አጠገቡ ቆሜ ነገርኩት። «አባዬ፣ ጋሽ አጽብሐ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። አንተ በሌለህበት። ወይን ይጠጣሉ። በአንድ ብርጭቆ።»

አባቴ ፂሙን እየላጨ ነበር። በመስታወት ውስጥ አየኝና ሳቀ። «ጎበዝ፤ ሲመጡ ወንበሩን አቅርቢላቸው። ወገባቸውን ያማቸዋል።»

ያን ቀን ለአባቴ አዘንኩለት። ይህ ምስኪን ሰው፣ አልኩ በልቤ፤ መኪና እንጂ ሌላ የማያውቅ። ቤቱን የማድን እኔ ብቻ ነኝ አልኩ።

ለሰኔ ጥቂት ሲቀረው ጋሽ አጽብሐ አንድ ዓርብ ከሥራ ሲወጡ ጠርሙስ አምጥተው በራፍ ላይ ለእናቴ ሰጧት። ያን ዕለት ፊታቸው እንደ ሙሽራ ያበራ ነበር።

«ይህ ያው ያልኩሽ ነው፤ ከበርሜሉ የቀዳሁት» አሉ። «ስድስት ዓመት የተኛው። እኔ ራሴ ያስተኛሁት። ከጸደቀ ለመስከረም ጠርሙስ ይገባል። አሮጌ ወይን፤ ግን በደሞዝተኛ ዋጋ። አስተማሪ እንኳ ከሚስቱ ጋር እራት ላይ የሚከፍተው። ሥራ አስኪያጁን ለምኜ ለምኜ እሺ አሰኝቻቸዋለሁ። እስከ ነገ ቆሞ ይረፍ፤ ነገ ትነግሪኛለሽ።»

እናቴ ጠርሙሱን እንደ ሕፃን ተቀብላ ቁምሳጥኑ ላይ አቆመችው። ቀና ብላ እያየችው ፈገግ አለች። እንደዚያ ፈገግ ካለችልኝ ወራት አልፎ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሥራ ሄደች። እኔ ወንበር አስጠግቼ ወጣሁ። ቡሹ በእጅ የተደፈነ ስለነበር በጥርሴ ስስበው ወጣ። ሽታው ወጥቶ ፊቴን ሲመታኝ፣ እግዜር ይይልኝ፣ ደስ የሚል ሽታ ነበር። ከላዩ አንድ ሲኒ ያህል ቀድቼ ግቢ ውስጥ ባለው ቦይ ደፋሁ። በምትኩ እናቴ ለሰላጣ ከምታስቀምጠው አቼቶ ሞላሁበት። ቡሹን መለስኩ፤ ገለባበጥኩት፤ አንገቱን በቀሚሴ ጠረግኩ። ሐሳቤ ቀላል ነበር። ስትቀምሰው ይጎመዝዛታል፤ መጥፎ ነገር ያመጣላትን ሰው ትጠላለች።

ማታ እራት ቀረበ። እናቴ ቀዳች፤ አሸተተች። ፊቷ ላይ የሆነውን አሁንም ባሰብኩት ቁጥር አየዋለሁ። ብርጭቆውን አስቀምጣ እንደገና አነሳች። ቀመሰች።

«ንገሪኝ» አሉ ጋሽ አጽብሐ ደብተራቸውን ከፍተው።

«ጋሽ አጽብሐ...»

«ንገሪኝ እንጂ፣ ሓፍተይ።»

«አቼቶ ሆኗል።»

«አይሆንም!»

«እኔም ባይሆን ደስ ባለኝ። ሄዷል። ሙሉ በሙሉ ሄዷል።»

ጋሽ አጽብሐ ብርጭቆውን ተቀብለው በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት። አላኮማተሩም። እኔ በዚያ መጠን አቼቶ የጠጣ ሰው እንዴት ፊቱን አያኮማትርም አላልኩም፤ ልጅ ነበርኩ፣ ድሌን እያጣጣምኩ ነበር። ደብተሩን ሳይጽፉበት ከደኑት። «ስድስት ዓመት» አሉ ብቻ። እራታቸውንም አልጨረሱም።

በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ በሥራ ሰዓት መጡ። እናቴ የዕረፍት ቀኗ ነበር። አልገቡም። ባርኔጣቸው ራሳቸው ላይ ነበር።

«ምን አድርጌሽ ነው፣ አዳነች?» አሏት።

«ምን ሆኑ? ይግቡ እንጂ!»

«ምን አድርጌሽ ነው?» ደግመው ያንኑ ጠይቀው ዞረው ሄዱ። እናቴ በነጠላ ጫማዋ እስከ ዋናው መንገድ ተከትላቸው ሮጠች። ብቻዋን ተመለሰች፤ የግቢው ሰው እያያት አለቀሰች። አባቴ ሲመጣ በማግስቱ ቤታቸው ድረስ ሄደ፤ በር አልከፈቱለትም። ከዚያ በኋላ ጋሽ አጽብሐ በእኛ ቤት ስማቸው አልተነሳም።

እኔ ደስ አለኝ። አንድ ሳምንት ደስ አለኝ። ከዚያ እናቴ ወደ እኔ ትመለሳለች ብዬ ብጠብቅ አልተመለሰችም። ኬክ ስታመጣ «ምን ምን ይላል» አትልም፤ እኔም አልጠይቃትም። ለእሳቸው ያለቀሰችውን ልቅሶ ልረሳላት አልቻልኩም። አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ በነገር ወግቻታለሁ፤ ሳገባ ምክሯን አልሰማሁም፤ የዛሬ ሰባት ዓመት አባቴ ሲሞት እንኳ ሬሳው አጠገብ ስታለቅስ እያየሁ፣ «አንቺ ደግሞ» ያልኩት በልቤ ነው። የአባቴን ቤት ያዳንኩ እኔ፣ የእሷን ነውር የሸሸግኩላትም እኔ ነበርኩ፤ እንደዚያ ነበር የማስበው።

ግቢው ሲፈርስ እናቴ አምስት ኪሎ እኛ ጋ መጣች። ባለፈው ኅዳር አንድ ማታ ባለቤቴ ሄኖክ ለእራት ቀይ ወይን ይዞ ገባ።

«የአገር ውስጥ ነው» አለ ጠርሙሱን እያዞረ። «አምስት ዓመት የቆየ ይላል፤ ዋጋው ግን አያስደነግጥም። ለማዘርም ትንሽ ልቅዳ?»

እምቢ ትላለች ብዬ ነበር። እናቴ ብርጭቆውን ከቀጭን እግሩ ይዛ አንዴ አሽከረከረችው፤ አፍንጫዋን አስገባች፤ ዓይኗን ጨፈነች።

«ገና ነው» አለች። «ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ዓመት ቢተኛ ይሻለው ነበር። እንደ ጥቁር ሻይ ምላስ ይይዛል። እንጆሪው ግን ደስ ይላል።»

ሄኖክ አፉን ከፈተ። «ማዘር! የት ተማሩት?»

«ጋሽ አጽብሐ ናቸዋ ያስተማሩኝ» አለች። ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ፣ እንደ ቀላል ነገር። «የአጥናፉ ወዳጅ። ምስኪን፤ የፋብሪካው ደረጃ ላይ ወድቀው ጭንቅላታቸውን ከተመቱ ወዲህ ሽታም ጣዕምም ጠፋባቸው። ወይኑ ይሁን ውኃ አይለዩም ነበር። ጡረታቸው አራት ዓመት ሲቀረው። ከታወቀ ይባረራሉ፤ ሌላ ሙያ የላቸው። አጥናፉ ነው፣ 'የእኔ ሚስት አፍንጫዋ ከውሻ ይበልጣል፣ እሷ ትቅመስልዎ' ያላቸው። እኔ እየቀመስኩ እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው ጽፈው ሄደው ያንኑ ይናገራሉ።»

«ከዚያስ?» አለ ሄኖክ።

«ከዚያ አንድ ቀን የተበላሸ መጣ። ነገርኳቸው። እሳቸው ሄደው 'ይደፋ' ብለው ፈረዱ። ሥራ አስኪያጁ ቀምሶ 'ይህ ምን ሆነና ነው የሚደፋው?' አለ። ሁሉም ቀመሱ። ወይኑ ደህና ነበር። እዚያው ዓይናቸውን ሸፍነው ውኃና ወይን እያቀመሱ ፈተኗቸው አሉ፤ ሰው እያየ። በዚያው ከሥራ ወጡ።» እናቴ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «እስከ ዛሬ አይገባኝም። የቀመስኩት አቼቶ ነበር። ምላሴ ይሆን የከዳኝ እላለሁ። ከዚያ ወዲህ ኬክ ቤት እንኳ ቀምሼ በራሴ አላመንኩም።»

ሄኖክ ወደ እኔ ሲዞር እኔ ሳህን እያነሳሁ ነበር።

ለሁለት ሳምንት አልተናገርኩም። ከዚያ አንድ ጠዋት ምስር ስትለቅም አጠገቧ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ወንበሩን፣ ቡሹን፣ ቦዩን። ሳታቋርጠኝ ሰማች። ምስሩን መልቀም አላቆመችም።

«ምን መስሎሽ ነው?» አለች በመጨረሻ።

«ውሽማሽ መስለውኝ።»

እጇ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺ» አለች፤ «እስከ ትናንት ድረስ?»

አንገቴን ደፍቼ ምስሩን መልቀም ጀመርኩ።

«ለእኔ አትንገሪኝ» አለች ተነስታ። «በሕይወት አሉ፤ ከስድስት ኪሎ ወደ ላይ፣ ከእህታቸው ልጅ ጋር። ሂጂና ለእሳቸው ንገሪ።»

የእህታቸው ልጅ ሰምሃር ናት በሩን የከፈተችልኝ። ጋሽ አጽብሐ ብርድ ልብስ ጭናቸው ላይ ጣል አድርገው ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር ተቀምጠዋል። ሰማንያ አልፏቸዋል፤ ጀርባቸው ግን አሁንም ቀጥ ያለ ነው። የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግራቸው ፊታቸው ተዘጋ። ሳልቀመጥ ነገርኳቸው። ከተቀመጥኩ እንደማልጨርሰው አውቄ ነበር።

ከጨረስኩ በኋላ መንገድ ላይ የሚያልፍ ታክሲ ረዳት ሲጮህ ይሰማ ነበር።

«ስንት ዓመትሽ ነበር?» አሉ ቆይተው።

«ዘጠኝ።»

«ዘጠኝ።» ጣታቸውን ብርድ ልብሱ ላይ አንድ በአንድ ዘረጉ። «ቦታዬን የሚፈልግ አንድ ሰው ነበር ፋብሪካው ውስጥ። እሱ ገዝቷት አታለለችኝ ብዬ ነው እስከ ዛሬ። ካንቺ እናትና ከአጥናፉ በቀር ማንም አያውቅም ነበር፤ ሌላ ምን ልበል? ጊዮርጊስ በር ላይ ሁለት ጊዜ አግኝታኝ ሰላም ልትለኝ ስትመጣ ፊቴን አዞርኩባት። በስሟ ብዙ ክፉ ነገር ለእግዚአብሔር ነግሬያለሁ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሽ አጽብሐ።»

«አንቺን ኋላ እናይሻለን» አሉ ኮስተር ብለው። «ሰምሃር! ኮቴን አምጪ።»

በታክሲው ውስጥ እጃቸውን ደግፌ ተቀምጬ ሳለ፣ «አጥናፉስ ጡረታ ወጣ?» አሉኝ።

አልሰሙም ነበር። ነገርኳቸው። ሰባት ዓመት እንደሆነው፣ ደም ግፊት እንደነበረ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «በሬን ሲያንኳኳ ውስጥ ነበርኩ» አሉ። «እግሩ ሲርቅ ሰምቼዋለሁ።» አምስት ኪሎ ስንደርስ ደግፌ አወረድኳቸው።

እናቴ በር ከፍታ አየቻቸው። ጋሽ አጽብሐ ጉልበቷን ሊስሙ ጎንበስ ማለት ሲጀምሩ ክንዳቸውን ያዘቻቸው።

«ኧረ በስመአብ! ወገብዎን! ይግቡ፣ ብርድ ነው።»

ገቡ። እናቴ ሶፋው ላይ አስቀምጣ አጠገባቸው ተቀመጠች። መጀመሪያ ስለ አባቴ ሁለቱም አለቀሱ፤ ልክ ለቅሶ እንደ ደረሱ እንግዶች፣ ድምፅ እያወጡ። ከዚያ ጋሽ አጽብሐ አንድ ነገር አሉ፤ እናቴ በእንባዋ መሐል ሳቀች። እኔ በር ሥር ቆሜ ነበር። የት እንደምቀመጥ አላወቅሁም። አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩኝም።

እናቴ ቆይታ ወደ ወጥ ቤት መጣች። ፊቷን ታጥባ በፎጣ እያደረቀች፣ ሳታየኝ፣ «እኔና አንቺ አልጨረስንም» አለች። «ዕድሜሽን ሙሉ እንደዚያ እያየሽኝ ነው የኖርሽው። ያን እንነጋገራለን። ዛሬ ግን አይደለም።»

«እሺ፣ እማዬ።»

«አሁን ሂጂ ዳቦ ገዝተሽ ነይ። ትኩስ ካለ ጠብቂ፤ አትቸኩዪ።»

ቦርሳዬን ያዝኩ። ስወጣ ጋሽ አጽብሐ ስለ አንድ በርሜል ያወራሉ፤ እናቴ ወደ እሳቸው ተጠግታ፣ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ትሰማለች። ለእኔ እንደዚያ ሆና ሰምታኝ የምታውቅበትን ቀን ለማስታወስ ሞከርኩ። ያ የልጅነቴ ነገር ተነሳ። ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው፤ ሁሉንም አውቃለሁ፤ ቢሆንም ቀናሁ።

ትንሽ ቆምኩ። ከዚያ ነፋሱ እንዳይገባባቸው በሩን ቀስ አድርጌ ዘጋሁላቸውና ደረጃውን ወረድኩ።